ያልታመሙትን መቁጠር

ይህ ጽሑፍ አቃቂ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻቸው ካደረግኩት ንግግር የተዘጋጀ ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ሰዓት አጥሮኝ የዘለልኩትን ደግሞ ጨምሬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ያደግኩት ከዚህ አዳራሽ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ቦታ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ያኔ እኛ ሰፈር ሰው ወደ መርካቶ ወይም ወደ ፒያሳ ሲሄድ «ከተማ ልሂድ» ይል ነበር። እኛ ዳር ነበርን።

አያቴ ልጅ አትቆጥርም ነበር። ስምንት ወልዳ አምስት ያሳደገች ሴት ናት። እንግዳ መጥቶ «ስንት የልጅ ልጅ አለዎት?» ሲላት «የእግዜር ናቸው» ብላ ታልፈዋለች። እኔ ደግሞ መቁጠር የምወድ ልጅ ነበርኩ። የባቡሩን ፉርጎ እቆጥራለሁ። የቆርቆሮውን ቀዳዳ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን የአጎቶቼን ልጆች በጣቴ እየጠቆምኩ ስቆጥር እጄን ያዘችኝና «ኩፍኝ ያልወጣለትን ልጅ አትቁጠሪ» አለችኝ። ያኔ የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው።

ሥራዬ ባዮስታቲስቲክስ ይባላል። የጤና መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ እንዴት እንደሚነጻጸር፣ ውጤቱንም ምን ያህል ማመን እንደሚገባን የሚያጠና ሙያ ነው። እኔ ተላላፊ በሽታዎችና ክትባቶች ላይ ነው የምሠራው። ሰፈር ውስጥ ጎረቤቶቼ «ዶክተሯ» ይሉኛል እንጂ በሕይወቴ መርፌ ወግቼ አላውቅም።

ሐኪም የሚያየው የታመመውን ነው። ጤና ጣቢያ የሚመጣው የታመመ ነው፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረውም እሱ ነው። ያልታመመው ልጅ ግን የትም አይጻፍም። ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወተ ነው። ክትባት ሠራ ማለት ደግሞ ያ ልጅ አሁንም ኳሱን እየተጫወተ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ክትባቱ መሥራቱን ማወቅ የፈለገ ሰው መዝገብ ቤት ተቀምጦ መልሱን አያገኝም። ያልታመሙትን ሄዶ መቁጠር አለበት።

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የኩፍኝ ወረርሽኝ በነበረበት ሰሞን ያለችኝን አልረሳውም። የታማሚዎቹን ዝርዝር ይዛ መጣች። «እህቴ፣ ከታመሙት የሚበዙት የተከተቡ ናቸው። ከዚህ በኋላ እናቶችን ምን ብዬ ነው ልጅ አምጡ የምላቸው?» አለች። እንባዋ ቀርቦ ነበር። አንድ ወረቀት አወጣን። እናንተም እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡና አብረን እንሥራው።

አንድ ቀበሌ ውስጥ 1,000 ልጆች አሉ እንበል። 900ው ተከትበዋል፣ 100ው አልተከተቡም። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው አንድ ዶዝ የኩፍኝ ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይከላከላል። ሂሳቡ እንዲቀልልን ቫይረሱ ሁሉንም ልጅ አገኘ ብለን እናስብ። ካልተከተቡት 100ውም ይታመማሉ። ከተከተቡት 900 ውስጥ 15 በመቶው፣ ማለትም 135 ልጆች ይታመማሉ። አሁን የታመሙትን ብቻ ከጻፋችሁ 135 የተከተቡ፣ 100 ያልተከተቡ ታገኛላችሁ። ዝርዝሩን ያየ ሰው «ክትባቱ ነው ያሳመማቸው» ቢል አይፈረድበትም። ግን 765 ልጆች ዝርዝሩ ላይ የሉም። ተከትበው ያልታመሙት ናቸው። እነሱን መልሳችሁ አስገቡና እዩት። ከተከተቡት ከመቶ 15፣ ካልተከተቡት ከመቶ 100። ሁለተኛው ዶዝ በ15 ወር የሚሰጠውም ለእነዚያ 15ቱ ሲባል ነው። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስለ ራሴ አጀማመር ልንገራችሁ። ከአራት ኪሎ በስታቲስቲክስ እንደተመረቅኩ አንድ የክትባት ጥናት ላይ ተቀጠርኩ። ኢንኮደሮች ከቅጽ ወደ ኮምፒውተር ያስገባሉ፣ እኔ አጣራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከመወለዳቸው ሰባት ዓመት ቀድሞ የተከተቡ ልጆች አገኘሁ። የልደት ቀናቸው በፈረንጅ፣ የክትባታቸው ቀን በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 2009 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ለፈረንጁ ዲሴምበር 21 ቀን 2016 ነው የተወለደው። አንዱ ነርስ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ይጽፋል።

ይህ ዓይነቱ ስህተት ራሱ ስለሚጮህ ብዙ አያስፈራም። የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው። ቅጹ ላይ «3/1» የሚል አለ። መስከረም 3 ነው ወይስ ጃንዋሪ 3? በመሃላቸው አራት ወር ገደማ አለ። ለአዋቂ አራት ወር ምንም አይደለም። በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንቱ መከተብ ላለበት ሕፃን ግን ብዙ ነው። በወቅቱ የተከተበው ዘግይቷል፣ የዘገየው በወቅቱ ተከትቧል ሊባል ይችላል። ስሙም እንዲሁ ነው። ልጁ ካርዱ ላይ አንድ ስም አለው፣ ቤት ውስጥ በሌላ ይጠራል፣ የክርስትና ስም ደግሞ ሌላ ነው። የአያት ስም ካልተጻፈ አንድ ወረዳ ውስጥ ስንት አበበ ከበደ እንዳለ አስቡት።

ከዚያ ጳጉሜ መጣች። ኮምፒውተሩ 13ኛ ወር አያውቅም። «4/13» ብላችሁ ስታስገቡ ቀይ ያበራል። እኔ ምን አደረግኩ? «የተሳሳተ መረጃ» ብዬ ሁሉንም ከፋይሉ አወጣኋቸው። ጳጉሜ የተወለዱ ሕፃናት በሙሉ ጥናቱ ውስጥ እንዳልነበሩ ሆኑ። ማንም አላስተዋለም። ሠንጠረዡም በጣም ንጹህ ሆነ። ያስተዋለው አለቃዬ ነው። አልተቆጣኝም። ቅጾቹን ከመጋዘን አስወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸውና «እነዚህ እናቶች ልጅ አዝለው፣ ጭቃ ረግጠው ነው የመጡት» ብሎኝ ሄደ። አንድ በአንድ መልሼ አስገባኋቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ከፋይል ሰው ላወጣ ስል እጄ ይከብደኛል። ይህ ፍርሃት እንዲለቀኝም አልፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሁለት ቡድን ስናነጻጽር ማንን ከማን ጋር ነው የምናነጻጽረው? የሙያችን ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ለእኔ የፖሊዮ ክትባትን ሙከራ ያህል ይህን የሚያሳይ ታሪክ የለም።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1954 ነው፣ ቦታው አሜሪካ። ጆናስ ሳልክ የሠራው ክትባት በሕፃናት ላይ ሊሞከር ነው። ከሙከራው በአንዱ ክፍል ወላጆች ከፈቀዱ በኋላ ልጆቹ በዕጣ ተመደቡ። 200,000 ያህሉ ክትባቱን ወሰዱ፣ ሌሎች 200,000 ያህሉ ክትባት የሚመስል ግን ምንም የሌለበት መርፌ ተወጉ። ፕላሴቦ የምንለው ነው። ማን የትኛውን እንደወሰደ ነርሷም፣ እናትም፣ ልጁን የመረመረው ሐኪምም አያውቁም። ውጤቱን ቶማስ ፍራንሲስ የሚባሉት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1955 ይፋ አደረጉ። ሁሉንም ዓይነት የፖሊዮ ሕመም ስንደምር ከተከተቡት ከ100,000 ልጆች 28 ታመሙ። ፕላሴቦ ከወሰዱት ከ100,000 ልጆች 71።

ሦስተኛ ቡድን አለ። ወላጆቻቸው «አይሆንም» ያሉ ልጆች። እነዚህም አልተከተቡም። ስለዚህ ሕመማቸው ከፕላሴቦዎቹ ጋር እኩል መሆን ነበረበት። የታመሙት ግን ከ100,000 ልጆች 46 ናቸው። ምንም ሳይወስዱ ከፕላሴቦዎቹ ያነሰ ታመሙ።

ይህ ቁጥር መጀመሪያ ሳየው እንቅልፍ ነስቶኛል። ምክንያቱን ስታውቁት ግን ታሪኩ ይበልጥ ይጥማል። ፖሊዮ ንጹህ ቤት ያደገውን ልጅ ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ንጽህና በጎደለበት ሰፈር ልጅ ቫይረሱን የሚያገኘው ገና በጨቅላነቱ፣ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ሰውነቱ ውስጥ እያለ ነው። ቀለል ብሎት ያልፋል፣ ከዚያም የራሱን መከላከያ ያበጃል። ኑሮው የተሻለው ልጅ ቫይረሱን ዘግይቶ፣ ያለ ምንም መከላከያ ያገኘዋል። «እሺ ይከተብ» ያሉት ወላጆች ደግሞ በብዛት ኑሯቸው የተሻለ ነበር። እንግዲህ የተከተቡትን ፈቃደኛ ካልሆኑት ጋር ብናነጻጽር ኖሮ 28 ከ46 ጋር ነው፤ ክትባቱ ሕመሙን 39 በመቶ ገደማ ቀነሰ እንል ነበር። በዕጣ ከተመደቡት ጋር ስናነጻጽር 28 ከ71 ጋር ነው፤ 61 በመቶ ገደማ ይሆናል። መርፌው አንድ ዓይነት ነው። የተለወጠው ከማን ጋር እንዳነጻጸርን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ዕጣ የምንጥለው። ዕጣ ምን እንደሆነ እኛ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ዕቁብ ላይ ዳኛው ለወዳጁ መርጦ አይሰጥም። ሀብታሙም ድሃውም ስሙ እዚያው ውስጥ ገብቶ ይናጣል። ሙከራም ላይ እንዲሁ ነው። የምናውቀውን ልዩነት ብቻ ሳይሆን ያላሰብነውንም ልዩነት ለሁለቱም ወገን ያካፍልልናል።

እውነት ሁልጊዜ የምንፈልገውን አይሰጠንም። ከከተማችን ሌላ ዳር፣ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው። በ1970 እዚያው ግቢ አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ ስሙ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ያገኘው የኖርዌይ ሐኪም ስም ነው። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዘመዳሞች ናቸው። እጃችሁ ላይ ጠባሳ የተወላችሁ የቢሲጂ ክትባት ሁለቱንም ይነካል። ደቡብ ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ 260,000 ያህል ሰዎች የተካተቱበት የቢሲጂ ሙከራ ተደረገ። ቀደም ሲል እንግሊዝ ውስጥ ክትባቱ በጣም ጥሩ ሠርቶ ነበር። ሕንድ ላይ ግን አዋቂዎችን ከሳንባ ነቀርሳ አልተከላከለም። ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል ዓመት፣ ውጤቱ ግን «አልሠራም»። እነዚያ ሰዎች ውጤቱን እንዳለ አወጡት። እኔ አከብራቸዋለሁ። ቢሲጂ አሁንም ለሕፃናት የሚሰጠው የማጅራት ገትር ዓይነቱንና መላ ሰውነት ላይ የሚሰራጨውን ከባድ ነቀርሳ ስለሚከላከልላቸው ነው። ለሥጋ ደዌም ይጠቅማል።

ስለ ኮቪድ ክትባት ጠይቃችሁኝ ነበር። የፋይዘር ሙከራ ላይ ከ43,000 በላይ ሰዎች ነበሩ። ውጤቱ የተሰላው ግን በ170 ታማሚዎች ነው። 8ቱ ክትባት ከወሰዱት፣ 162ቱ ፕላሴቦ ከወሰዱት ወገን። ሁለቱ ወገኖች በቁጥር እኩል ስለነበሩ 95 በመቶ የተባለው ከዚህ ይወጣል። ያን ሁሉ ሰው የመዘገቡት ለምን ይመስላችኋል? አብዛኛው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ስለማይታመም ነው። የክትባት ሙከራ ስናቅድ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ታማሚ ያስፈልገናል?» ብለን ነው። ከዚያ ያን ያህል ታማሚ ለማየት ስንት ጤነኛ መከታተል እንዳለብን እናሰላለን።

ሙከራው እየሄደ ማን ምን እንደወሰደ እኔም ብሆን አላውቅም። ከቡድኑ ውጭ ያለ አንድ ስታቲስቲሺያን ብቻ ቁልፉን ይይዛል። በየጊዜው ቁጥሩን ለገለልተኛ ቦርድ ያቀርባል። ጉዳት ከታየ ቦርዱ ሙከራውን ያስቆማል። አንድ ጊዜ ያን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ምሳ ላይ ከሌሎቹ ጋር አንድ ትሪ ቀርበን ሽሮ እየበላን ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ግን ፊቴን ያዩታል። ስስቅ ያዩኛል፣ ዝም ስልም ያዩኛል። ከሥራዬ ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

አሁን ወደ ወንዛችን እንምጣ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ አዲስ አበባ ሲገባ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን እድፍ ይዞ ወደ እኛ ነው የሚወርደው። የላይኛው ሰፈር ያደረገው ለታችኛው ይደርሳል። ክትባትም እንዲሁ ለሌላ ሰው እንደሚደርስ ያሳየኝ የባንግላዴሽ ጥናት ነው።

ማትላብ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1985 በአፍ የሚሰጥ የኮሌራ ክትባት በሴቶችና በልጆች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በጊዜው ታትሞ ወጣ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2005 ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እንደገና ከፈቱት። ጥያቄያቸው አዲስ ነበር። ፕላሴቦ የወሰደው ሰው ጎረቤቶቹ ብዙዎቹ ተከትበው ከሆነ ምን ሆነ? የክትባት ሽፋኑ ከ28 በመቶ በታች በሆነበት አካባቢ ፕላሴቦ ከወሰዱ 1,000 ሰዎች 7ቱ ኮሌራ ያዛቸው። ከ51 በመቶ በላይ በሆነበት አካባቢ ግን 1.5 ገደማ ብቻ። እነዚህ ሰዎች ክትባት አልወሰዱም። የተከላከላቸው የጎረቤታቸው ክትባት ነው።

የሚገርመው ሌላው ነው። ብዙ ሰው የተከተበበት አካባቢ ብቻ ሄዳችሁ የተከተበውን ካልተከተበው ብታነጻጽሩ ልዩነቱ 14 በመቶ ብቻ ነው። ጥቂት ሰው በተከተበበት አካባቢ ግን 62 በመቶ። ክትባቱ ብዙ ሰው ባዳነበት ቦታ ደካማ ይመስላል፤ ያልተከተበውንም ስላዳነ። እዚያ አካባቢ ብቻ ቆሞ የሚያየው ሰው «ምን ጥቅም አለው?» ይላል። መልሱ ሃያ ዓመት ሙሉ መረጃው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቅጹን በደንብ የሞሉት፣ የእያንዳንዱን ቤት ቦታ የመዘገቡት ሰዎች ባይኖሩ ይህ ጥያቄ ሊጠየቅ እንኳ አይችልም ነበር። እኛም አገር ቡታጅራ ላይ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞትን መዝግበዋል። ዝናቸው አይነገርም እንጂ ትልቅ ሥራ ነው።

ዜሮም ቢሆን በፍለጋ ነው የሚገኘው። የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ታማሚ ሳይገኝ ፍለጋው ቢያንስ ሁለት ዓመት መቀጠል ነበረበት። በረሃ ለበረሃ እየዞሩ፣ ፎቶ እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ምንም ባለመገኘቱ ውስጥ የስንት ሰው ድካም እንዳለ አስቡ።

አንድ ተማሪ «ሒሳብ በጣም ጎበዝ መሆን አለብን ወይ?» ብሎኛል። ሒሳብ ያስፈልጋል፣ አልዋሻችሁም። ግን እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከክፍሌ አንደኛ አልነበርኩም። ኋላ ጎንደር ሄጄ ማስተርሴን ስማር ይበልጥ የረዳኝ ጤና ጣቢያ ቁጭ ብዬ ቅጽ ሲሞላ ማየቴ ነው። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ኮምፒውተር ያላችሁ ዛሬውኑ አውርዱት። የሌላችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃችኋል። ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና እኔ የሠራነው በወረቀት ነበር።

የትናንቱን ነግሬያችሁ ላብቃ። አሁን የምሠራበት ጥናት ላይ አንድ ልጅ ሦስተኛ ቀጠሮው ላይ ቀረ። ዳር ላይ ጥናት ስትሠሩ ይህ የዘወትር ጉዳይ ነው። ኪራይ ይጨምራል፣ አባት ሥራ ይቀይራል፣ ቤተሰቡ ዕቃውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ይሄዳል። ስልካቸው ተዘግቷል። «አልታመመም» ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ታሞ ሊሆን ይችላል። «ታሟል» ማለትም አልችልም። ቦታው ባዶ ሆኖ ቆየ። የመስክ ሠራተኞቻችን የድሮ ቤታቸው ሄዱ። አከራይዋ አታውቅም። በሩ ላይ እንጀራ የምትሸጥ ሴት ግን «እናትየው ቱሉ ዲምቱ ገብታለች፣ እህቷ ጋ» አለቻቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። ከበስተጀርባ የልጆች ጩኸት ይሰማል።

«አገኛችሁት?» አልኩ።

«አግኝተነዋል። አሁን እኮ ሮጦ አምልጦን ነው፤ ኪሎውን ልንመዝነው ስንል።»

«ታሞ ነበር?»

ስልኩን ለእናትየው ሰጧት። «ኧረ ምንም አልሆነ፣ ደህና ነው» አለች።

ማታ የመስክ ቅጹ ደረሰኝ። ባዶው ቦታ ላይ 0 ተጽፎበታል።